ምዕራፍ ስድስት፦ በአንድ በር የሚገቡ ሁለት ደዌዎች

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በደሴው መንገድ ወደ ሰሜን የተጓዘና ከጣርማ በር ላይ ወደ ግራ የታጠፈ መንገደኛ፣ መዘዞንና ሞላሌን አልፎ መሐል ሜዳ በደረሰ ጊዜ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተዘረጋውን፣ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበትን፣ የበግ ጠጉር ተፈትሎ ባና የሚሠራበትን የመንዝን ደጋ ያገኛል፤ ከዚያም ፊቱን ወደ ምዕራብ ቢመልስ ያ የተንጣለለ ሜዳ በገደል እየተቈረጠ ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆና ወደ መርሐቤቴ ሲወርድ ያያል። በዚህ ቍልቍለት ላይ ከአየሩ ጠባይ ጋራ የሰውም ማዕድ ይለወጣል። ገብሱ ለጤፍና ለማሽላ ስፍራውን ይለቃል፤ ክረምቱ ሲያበቃም፣ ውሃ ያቈረው ጥቍር የዋልካ መሬት ገና እርጥበቱን ሳይጨርስ፣ ብዙ እርሻ የማይጠይቀው ጓያ ይዘራበታል። በጾም ወራት በየቤቱ የሚቀርበው ሽሮም ብዙ ጊዜ ጓያ የገባበት ነው።

የዚህ ምዕራፍ ነገር በውጭ አገር ሐኪሞች ዘንድ መልቲፕል ስክለሮሲስ ስለሚባለው የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ደዌ ሲሆን፣ ነገሬን ከገብስና ከጓያ መጀመሬ ለአንባቢ ያልተገናኘ ይመስለው ይሆናል። ስለዚህ ደዌ የተጻፉት መጻሕፍት አብዛኞቹ ከፓሪስ፣ ከለንደንና ከሰሜን አሜሪካ ሆስፒታሎች የሚነሡ ናቸው፤ የእኛ አገር ገበሬ ግን ነርቭ ሲጎዳ ሰው ምን እንደሚሆን ከማናቸውም መጽሐፍ በፊት ያወቀው «ጓያ የሰበረው» እያለ በሚጠራው ወገኑ ላይ ነው። ሁለቱ ደዌዎች አንድ አይደሉም፤ መነሻቸውም፣ አካሄዳቸውም፣ የሚይዙትም ሰው ልዩ ልዩ ነው። ሆኖም የነርቭ ሕዋስ በምን ምክንያት እንደሚሞት ሲመረምሩ የኖሩ ሊቃውንት፣ አንዱ ወገን በጓያው መንገድ፣ ሌላው ወገን በመልቲፕል ስክለሮሲሱ መንገድ ተጉዘው፣ ሳይመካከሩ ከአንድ በር ፊት ተገናኝተዋል። ያን በር ለማሳየት ለእኛ ከሚቀርበው ደዌ እጀምራለሁ። በምዕራፉ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ጓያ ከአተርና ከሽምብራ ወገን የሚቈጠር ጥራጥሬ ነው፤ ከክብደቱም ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ፕሮቲን ስለ ሆነ፣ ሥጋና ወተት እንደ ልብ ለማያገኝ ሰው ቀላል በረከት አይደለም። ድርቅን ይችላል፤ ውሃ የተኛበትንም መሬት ይችላል፤ ስንዴው በቀጨጨበት፣ ምስሩ በደረቀበት ዓመት እርሱ ፍሬ ይሰጣል። ክፋቱም ከዚሁ ከደግነቱ የሚመጣ መሆኑ ነው የሚያሳዝነው፤ ሌላው እህል ሁሉ ሲጠፋ ብቻውን ስለሚቀር ቤተ ሰቡ ጧትም ማታም እርሱኑ ይበላል፤ በድርቅ የተጨነቀችው ተክልም በዝናም ጊዜ ከምታፈራው ይልቅ ብዙ መርዝ የያዘ ፍሬ ታፈራለች። ከሚበላው ምግብ ሲሶው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ጓያ ሆኖ ሁለትና ሦስት ወር ሲቀጥል አደጋው ይደርሳል። በደኅናው ዘመን ከሌላ እህል ጋራ ተቀላቅሎ የሚበላው ያው ጓያ ግን ለብዙ ሚሊዮን ሰዎች ጉዳት የሌለው ምግብ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ አገር ብቻ የተሰጠ መቅሠፍት አለመሆኑን ታሪክ ይመሰክራል። በ1671 በጀርመን አገር የቩርተምበርግ መስፍን ሰው እግሩን እያጣ ስላስቸገረው ከጓያ ዱቄት እንጀራ እንዳይጋገር በዐዋጅ ከለከለ፤ በ1873 የናፖሊው ሐኪም አርናልዶ ካንታኒ ለደዌው ላቲሪዝም የሚለውን ስም ሰጠው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም፣ ከ1942 ጀምሮ በቫፕኒያርካ የግዞት ሰፈር የታጐሩት አይሁድ ጓያ እየተሰፈረላቸው ብዙዎቹ ሽባ ሲሆኑ፣ አብሮ የታሰረው ሐኪም አርቱር ኬስለር የሽባነቱ ምንጭ ምግቡ መሆኑን ለይቶ አስታወቀ። መርዙ ራሱ ተለይቶ የታወቀው በ1964 በሕንድ አገር ሊቃውንት ነው፤ ስሙም በአጭሩ ቤታ-ኦዳፕ ይባላል።

በኢትዮጵያ ደዌው በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ የሕክምና ሰዎችን ዐይን የሳበው በ1970ዎቹ አጋማሽ በጎንደር ክፍለ ሀገር፣ በደምቢያና በፎገራ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ብዙው ዕውቀት የተገኘው ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቤት ለቤት እየዞሩ ባደረጉት ምርመራ ነው፤ ከቤልጅጉም የጌንት ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ፈርናንድ ላምቤን ጋራ የተደረገው የረዥም ዘመን ትብብር ጓያን ከዓለም የነርቭ ሕክምና ጥያቄዎች ጋራ አገናኘው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በወሎ፣ በደላንታና በዳውንት ደጋ ድርቅ በተከሠተ ጊዜ ደግሞ ከ2,000 የሚበልጡ አዲስ ሕሙማን ተቈጠሩ፤ ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ጓዶቻቸውም ነገሩን በ1999 ላንሴት በሚባለው የታወቀ የሕክምና መጽሔት ለዓለም አስታወቁ። እነዚሁ ሰዎች ቀጥለው የጠየቁት ጥያቄ ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ብልህ ሆኖ ይታየኛል። በአንድ መንደር፣ በአንድ ድርቅ፣ ከአንድ ማሳ የበሉ ሰዎች ሳሉ ስለ ምን አንዱ ተሰብሮ ሌላው በእግሩ ይሄዳል ብለው ወደ ማዕድ ቤት ገቡ። ያገኙትም መልስ፣ ጓያውን በእሸትነቱ የጠረጠረው፣ ቈልቶ በቆሎ መልክ የበላውና በንፍሮ መልክ የቀቀለው ሰው ይበልጥ እንደሚጎዳ፣ አብኩቶ እንጀራ ያደረገው ወይም በወጥ መልክ የበላው ግን አደጋው ያን ያህል እንደማያገኘው፣ ከእህል ጋራ መቀላቀልና በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል መሥራትም ጉዳቱን እንደሚቀንስ የሚያሳይ ነበር። ገበሬው ለብዙ ዘመን ይጠረጥር የነበረው ሲቀቀል የሚወጣውን እንፋሎት ነበርና፣ እንፋሎቱን ሲሸሽ ንፍሮውን መብላቱን አልተወም።

የደዌው አጀማመር ድንገተኛ ነው። ቀኑን በከባድ ሥራ የዋለ ጐልማሳ ማታ ባቱን ቍርጠት ይይዘዋል፤ ወይም በጧት ከመኝታው ሊነሣ ሲል እግሮቹ አልታዘዝ ይሉታል። ከሴት ይልቅ ወንድን፣ ከሽማግሌ ይልቅ ጐበዙን ያጠቃል፤ ይህም ማለት በዚያ ቤት ያለውን አንድ አራሽ ማለት ነው። እግሮቹ ይገተራሉ፤ ጉልበቶቹ ይጋጫሉ፤ ተረከዙ መሬት ሳይነካ በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ አንዱን እግር በሌላው ፊት እያቈላለፈ ይሄዳል። ሐኪሞች ደረጃውን የሚመድቡት በምርኩዝ ነው፤ ያለ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በአንድ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በሁለት ምርኩዝ የሚሄድ፣ በመጨረሻም በእጁ እየዳኸ የሚንቀሳቀስ። ልቡናው ግን ደኅና ነው፤ ዐይኑ ያያል፤ ቆዳው ሙቀትና ቅዝቃዜን፣ ዳሰሳንና ሕመምን ይለያል፤ ዕድሜውም በደዌው ምክንያት አያጥርም። አንድ ጊዜ የተሰበረ አይድንም፤ ጓያውን ከተወ ግን እምብዛም አይብስበትም። በ1997 የታተመ የኢትዮጵያ ሐኪሞች ሙከራ ቶልፐሪዞን የተባለው መድኃኒት የእግሩን መገተር እንደሚያላላ አሳይቷል፤ ይህም ማስታገሻ ነው እንጂ ፈውስ አይደለም።

እግርን ለይቶ የሚመታበት ምክንያት ከነርቭ ሕዋስ አፈጣጠር የሚገኝ ነው። እግርን የሚያዝዘው ሕዋስ አካሉ ያለው በአንጎል ልባስ ውስጥ፣ ዐይን ሊያየው በማይችል መጠን ነው፤ ከዚያ አካል የሚወጣው አክሰን የሚባለው ቀጭን ዘንግ ግን በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ወገብ ድረስ ወርዶ፣ በዐዋቂ ሰው ከግማሽ ሜትር የሚበልጥ ርዝመት አለው። ይህ ዘንግ በዳር ላይ ለሚያስፈልገው ፕሮቲን ሁሉ የሚመካው በአካሉ ነው፤ አብዛኛው ፕሮቲን ከላይ ተሠርቶ በዘንጉ ውስጥ እየተጓዘ ይወርዳል፤ ፈጣኑ ጭነት በቀን ከ200 እስከ 400 ሚሊሜትር ስለሚሄድ፣ ከአንጎል የተነሣው ወገብ የሚደርሰው ሁለት ቀን ያህል ቈይቶ ነው። ያረጀውና የተበላሸውም ፕሮቲን እንዲሁ ተለቅሞ መፍረስ አለበት። ስለዚህ ረዥም አክሰን ያለው ሕዋስ፣ ለመኖር ብቻ፣ ከአጭሩ ይልቅ እጅግ ብዙ ኃይል ያወጣል፤ መከራ በመጣም ጊዜ አስቀድሞ የሚሸነፈው እርሱ ነው። የእጅ አክሰን አጭር፣ የእግር አክሰን ረዥም ነውና፣ ጓያ እጅን ትቶ እግርን የሚሰብረው በዚህ ምክንያት ነው ብለው ሊቃውንት ያስባሉ።

አሁን ወደ በሩ ደርሰናል። የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በኬሚካል ሲሆን፣ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ «ተነሣ፣ ሥራ» የሚለውን ትእዛዝ በብዛት የሚያደርሰው ግሉታሜት የሚባለው ነው። ግሉታሜት ከአንዱ ሕዋስ ጫፍ ይወጣና በሌላው ሕዋስ ገጽ ላይ ከተተከሉት ተቀባዮች ላይ ያርፋል፤ ከእነዚህም አንዱ ወገን አምፓ ተብሎ ይጠራል። ተቀባዩ ግሉታሜት ሲነካው ይከፈታል፤ የሶዲየም፣ አንዳንዴም የካልሲየም ቅንጣቶች ይገባሉ፤ ወዲያው ይዘጋል። ግሉታሜቱም በዙሪያው ባሉ ሕዋሳት ተጠርጎ ይወሰዳል። የጓያው ቤታ-ኦዳፕ መልኩ ከግሉታሜት ጋራ ስለሚመሳሰል በዚሁ በአምፓ ላይ ያርፋል፤ በሩንም ያለ ትእዛዝ ይከፍተዋል። ካልሲየም ያለ ልክ ይገባል፤ ለሕዋሱ ኃይል የሚሰጡት ሚቶኮንድሪያዎች ይታመማሉ፤ ሕዋሱም ያለ ዕረፍት ተቀስቅሶ በድካም ይሞታል። በ1986 ፒተር ስፔንሰርና ባልደረቦቹ መርዙን ለዝንጀሮዎች ሰጥተው በሰው ላይ የሚታየውን የመሰለ ምልክት ባዩ ጊዜ፣ ጓያ የሚሰብረው በዚህ መርዝ አማካይነት ነው የሚለው ነገር ጽኑ ድጋፍ አገኘ።

መልቲፕል ስክለሮሲስን ደግሞ እንመልከት። ፓሪስ በሚገኘው በሳልፔትሪየር ሆስፒታል ያስተምር የነበረው ዣን ማርተን ሻርኮ በ1868 ደዌውን ለይቶ ሲገልጽ፣ በሞቱት ሕሙማን አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ተበታትነው የሚገኙ ጠንካራ ጠባሳዎችን አይቶ ነበር። በጠባሳዎቹ ስፍራ አክሰኑን የሚሸፍነውና መልእክቱን የሚያፈጥነው ማየሊን የተባለው የስብ ልባስ ተልጦ ይገኛል። ልባሱን የሚልጡት ከውጭ የመጡ ጠላቶች ሳይሆኑ የሰውዬው የራሱ መከላከያ ሕዋሳት ናቸው፤ ወገንን ከባዕድ መለየት ተስኗቸው በገዛ ቤታቸው ላይ ይዘምታሉ። ደዌው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ሴቶችን ከወንዶች ሁለትና ሦስት እጥፍ ያህል ይይዛል። የአንድ ዐይን ብርሃን በጥቂት ቀናት ውስጥ መደንገዝ፣ የእግር ወይም የእጅ መደንዘዝ፣ የሽንት አለመታዘዝ፣ ምክንያት የሌለው ከባድ ድካም፣ እግርን መጐተት የሚታወቁ ምልክቶቹ ናቸው። እነዚህ መጥተው ለሳምንታት ይቈዩና ይሄዳሉ፤ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሌላው ይመጣል፤ በብዙዎች ላይም ውሎ አድሮ መሄዱን ትቶ እያዘገመ የሚብስ ይሆናል። ጓያ አንድ ጊዜ መትቶ የሚተው፣ አእምሮንና ዐይንን የሚምር ሲሆን፣ ይህኛው ግን የሚምረው ክፍል የለም ማለት ይቻላል።

በ2020 በዓለም ላይ 2.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ደዌ ጋራ እንደሚኖሩ ተገምቷል። ከምድር ወገብ እየራቀ በሄደ አገር ቍጥራቸው እየበዛ ይሄዳል፤ ለዚህም ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ የፀሐይ ብርሃን ማነስ ነው። መሐል ሜዳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ10 ዲግሪ ጥቂት በሚያልፍ ስፍራ፣ በዚያ ላይ ለፀሐይ በቀረበ ከፍታ ላይ ስለ ሆነች፣ በዚህ በኩል የተጠበቀች ናት ማለት ይቻላል። ሌላው ምክንያት ኤፕስታይን-ባር የሚባለው ቫይረስ ነው። በ2022 የታተመ አንድ ምርመራ ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን የደም መዝገብ ተከታትሎ፣ ከመካከላቸው በመልቲፕል ስክለሮሲስ የታመሙ 955 ሰዎችን አገኘ፤ በዚህ ቫይረስ የተያዘ ሰው አደጋው 32 እጥፍ እንደሚጨምርበትም አሳየ። በእኛ አገር ሕፃናት ቫይረሱን የሚይዙት በጨቅላነታቸው ነው፤ በበለጸገው አገር ግን ብዙዎች የሚይዙት በጕርምስና ነው፤ የዕድሜው ልዩነትም ዋጋ ያለው ይመስላል። ጥበቃው ግን በደም የሚወረስ አይደለም። ከአፍሪካ፣ ከሕንድና ከካሪቢያን ደሴቶች ወደ እንግሊዝ አገር የፈለሱ ሰዎች ደዌው ብዙም ሳያገኛቸው ሲኖሩ፣ እዚያው የተወለዱት ልጆቻቸው ግን ከአገሬው ሰው ጋራ የሚቀራረብ አደጋ እንደሚያገኛቸው በ1990 ተረጋግጧል፤ በስቶክሆልምና በሚኒያፖሊስ ልጆች የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ይህን ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል።

«በእኛ አገር የለም» ሲባል ግን ቃሉን እንዳለ መቀበል አይገባም። ደዌው በእርግጥ የሚለየው በኤም.አር.አይ. መሣሪያ ነው፤ መሣሪያውን የሚያነብ የነርቭ ሐኪምም ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ልዩ ሥልጠና በጥቍር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው በ2006 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት የነርቭ ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ከመንዝ ቀበሌዎች በአንዱ የምትኖር አንዲት ወጣት የአንድ ዐይኗ ብርሃን ቢደክምና ከወር በኋላ ቢመለስላት፣ መድከሙ ለቡዳ ወይም ለምች፣ መመለሱም ለጠበል ይሰጣል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እግሯ ሲጐተትም የፊተኛውን ከኋለኛው ጋራ የሚያገናኝ ሰው አይኖርም። ያልተመዘገበ ሕመም ደግሞ በማንም ቍጥር ውስጥ አይገባም።

ለረዥም ዘመን መልቲፕል ስክለሮሲስ የልባሱ ደዌ ብቻ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። ሽቦው ደኅና ነው፣ የተላጠው ሽፋኑ ነው ይባል ነበር። ይህ አሳብ የመጨረሻ ድጋፉን ያጣው በ1998 የክሊቭላንዱ ብሩስ ትራፕና ባልደረቦቹ በሕሙማኑ ጠባሳዎች ውስጥ የተቈረጡ አክሰኖች በብዛት መኖራቸውን፣ ያውም ደዌው ገና ከጀመረ ብዙ ባልቈየባቸው ሰዎች ዘንድ ሳይቀር፣ ባሳዩ ጊዜ ነው። ልባስ ከተላጠ በኋላ ተመልሶ ሊሸፈን ይችላል፤ የተቈረጠ አክሰን ግን በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ተመልሶ አይበቅልም። ሕመምተኛውን ለዘላለም የሚያሽመደምደው ይህ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ተለወጠና፣ አክሰኑን ምን ቈረጠው፣ የነርቭ ሕዋሱንስ ምን ገደለው የሚል ሆነ።

በ2000 ሁለት የምርምር ጓዶች፣ አንዱ በኒው ዮርክ፣ ሌላው በለንደን፣ ለዚህ ጥያቄ በአንድ መጽሔት ላይ አንድ ዐይነት መልስ አሳተሙ። መልቲፕል ስክለሮሲስን የመሰለ ደዌ እንዲይዛቸው በተደረጉ አይጦች ላይ የአምፓን ተቀባይ የሚዘጋ መድኃኒት ሲሰጡ፣ የመከላከያ ሕዋሳቱ ያስነሡት ብግነት እንዳለ ሆኖ ሳለ የአይጦቹ ሽባነት ቀለለ፣ ከሕዋሶቻቸውም ብዙዎቹ ዳኑ። የተቈጡት የመከላከያ ሕዋሳት ግሉታሜትን ይለቃሉና፣ በተቃጠለው ስፍራ ግሉታሜት ሞልቶ ይፈሳል፤ በሩም ሳይዘጋ ይቀራል። ደላንታ ላይ ንፍሮ የበላ ገበሬና ሃምቡርግ ውስጥ በመልቲፕል ስክለሮሲስ የታመመች አንዲት መምህርት፣ በመነሻቸው ሰማይና ምድር ያህል ቢራራቁም፣ ሕዋሶቻቸው የሚጎዱበት በር ይኸው አምፓ ነው።

ከበሩ ወዲያ፣ በሕዋሱ ውስጥ፣ ፕሮቲን የሚጠራቀምበት ነገር ይመጣል። እዚህ ላይ ሁለት ዐይነት መጠራቀም መለየት ይገባል፤ ስለ ደዌው የሚጽፉ ብዙ ሰዎች ሁለቱን ያደባልቋቸዋል። የፊተኛው በ1997 የኦክስፎርድ ሊቃውንት በጠባሳዎቹ ውስጥ ያሳዩት ነው። በአክሰን ውስጥ በፈጣኑ ጭነት የሚወርድ ኤ.ፒ.ፒ. የሚባል ፕሮቲን አለ፤ በጤናማ አክሰን ውስጥ ያለ ዕረፍት ስለሚያልፍ በማጕያ መነጽር ለማየት አይበቃም፤ አክሰኑ በተጎዳ ጊዜ ግን ከተሰበረው ስፍራ ላይ ተቈልሎ ይገኛል። በሐምሌ ጀማ ሲሞላ ወደ መርሐቤቴ የሚሻገረው የገበያ ጭነት ሁሉ ከወንዙ ዳር እንደሚቈለል ማለት ነው፤ ቍልሉን ያየ ሰው መንገዱ መቋረጡን ያውቃል፤ መንገዱን የቈረጠው ግን ቍልሉ አይደለም። ኤ.ፒ.ፒ. የስብራቱ ምልክት ነው፤ ሐኪም ስብራቱ ትኩስ መሆኑን የሚያውቅበት ነው።

ሁለተኛው መጠራቀም ከዚህ የተለየና የከፋ ነው። በ2019 በሃምቡርግ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ማኑኤል ፍሪዘና ባልደረቦቹ፣ በብግነት የተከበበ የነርቭ ሕዋስ ምን ምን ፕሮቲን ለመሥራት እንደሚነሣ ለይተው መረመሩ። ከሁሉ ይልቅ ዐይናቸውን የሳበው ባሱን የሚባለው ሆነ። ይህ ፕሮቲን ስሙ ከአንድ የትንፋሽ የሙዚቃ መሣሪያ የተወሰደ ሲሆን፣ ወደ 4,000 የሚጠጉ አሚኖ አሲዶች ያሉት እጅግ ግዙፍ ነው፤ ተፈጥሯዊ ስፍራውም በአክሰኑ ጫፍ ላይ፣ ግሉታሜትን የመሰሉ መልእክተኞች በሚለቀቁበት ስፍራ ነው፤ በዚያ የመልቀቂያውን ሥርዓት ደግፎ ይይዛል። በታመሙት አይጦችና በመልቲፕል ስክለሮሲስ በሞቱ ሰዎች ዘንድ ግን ከስፍራው ወጥቶ በሕዋሱ አካል ውስጥ ተጠራቅሞ ተገኘ። ይህ ምልክት ብቻ ነውን ወይስ ራሱ ገዳይ ነው የሚለውን ለመለየት ሦስት ነገር አደረጉ። በፍራፍሬ ዝንቦች ነርቭ ውስጥ ባሱን በብዛት እንዲሠራ ሲያደርጉ ዝንቦቹ ዕድሜያቸው አጠረ። ባሱንን የሚሠራው ዘረ መል በተሰረዘባቸው አይጦች ላይ ያንኑ ደዌ ሲያመጡባቸው ነርቮቻቸው ከሌሎቹ ይልቅ ተጠበቁ። በመጨረሻም፣ የሕዋሱን ቈሻሻ የሚያስወግደውን ፕሮቲአሶም የተባለ ክፍል የሚያበረታ መድኃኒት ሲሰጡ፣ የተጠራቀመው ባሱን ተጠረገ፤ ሕዋሳቱም በሕይወት ቈዩ። እንግዲህ ይህኛው ቍልል መንገድ መቋረጡን የሚያስታውቅ ሳይሆን ራሱ ሕዋሱን የሚያንቅ ነው።

ፕሮቲን በነርቭ ሕዋስ ውስጥ መጠራቀሙ በአልዛይመርና በፓርኪንሰን ደዌዎች ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ እነዚያ የእርጅና ደዌዎች ናቸው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ የብግነትና የወጣቶች ደዌ የሆነው መልቲፕል ስክለሮሲስ ከእነርሱ ጋራ ይዛመዳል ብሎ የጠረጠረ ጥቂት ነበር። የሃምቡርጉ ግኝት ግን ዝምድናውን አወጣው። በእኔ አስተያየት ጓያውንና ይህን በአንድ ላይ ሲያስቡ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል፤ ፕሮቲአሶም ሥራውን የሚሠራው ኃይል እያወጣ ነው፤ ካልሲየም ሚቶኮንድሪያዎቹን ሲያሳምምና ኃይል ሲያልቅ፣ ቈሻሻውን ማስወገድም አብሮ ይዳከማል። በሩ ክፍት ሆኖ የቀረበት ቤት ውስጡ ቢቈሽሽ አያስደንቅም።

ፕሮቲአሶምን የሚያበረታው ነገር በአይጥ ላይ የታየ ነው እንጂ ገና የሰው መድኃኒት አልሆነም። ዛሬ በእጃችን ያሉት መድኃኒቶች፣ በ1993 በአሜሪካ ከተፈቀደው ከኢንተርፌሮን ቤታ ጀምሮ እያዘገመ ለሚብሰው የደዌው ዐይነት በ2017 እስከ ተፈቀደው እስከ ኦክሪሊዙማብ ድረስ፣ የሚሠሩት የመከላከያ ሕዋሳትን በማብረድ ነው። አደጋው እየተመላለሰ እንዳይነሣ በማድረግ ብዙ ሰው ጠቅመዋል፤ ዋጋቸው ግን ለእኛ አገር ሕመምተኛ የማይሞከር ነው። የነርቭ ሕዋሱን ራሱን ከውስጥ የሚጠብቅ መድኃኒት ገና በመፈለግ ላይ ነው።

የሁለቱ ደዌዎች ነገር በዚህ ይለያያል። መልቲፕል ስክለሮሲስን የሚከለክል ጥበብ ገና አልተገኘም፤ ጓያን የሚከለክለው ጥበብ ግን ተገኝቷል፤ የጐደለው ሥራው ነው። ዋሴ የሚባለው መርዙ ያነሰ የጓያ ዘር በአገራችን የእርሻ ምርምር ለገበሬ ተለቋል። በድርቅ ዓመት ለተጎዳ ወረዳ የሚሰፈረው ስንዴ ቀድሞ ቢደርስና ገበሬው ጓያውን በስንዴው ቢያደባልቀው፣ የደላንታና የዳውንቱ መከራ በሌላ ስፍራ አይደገምም። ነገር ግን የእርዳታው እህል ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ሦስቱ ወር ካለፈ በኋላ፣ ጐበዙ ከምርኩዝ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። የዚህ ጥፋት የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የአስተዳደር ዝግታ መሆኑን ደፍሬ እናገራለሁ።

ለአንባቢም የምለው ይህ ነው። በቤትህ ጓያ ካለ ከገብስ፣ ከስንዴ ወይም ከጤፍ ጋራ ደባልቀው፤ አብኩተህ ጋግረው ወይም በሽንኩርትና በዝንጅብል ወጥ አድርገው፤ ሌላ እህል በጠፋበት ወር ለልጆችህ በቆሎና በንፍሮ መልክ ብቻውን አትስጣቸው። በቤተ ሰብህ ውስጥ ደግሞ ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሰ ወጣት የአንድ ዐይኑ ብርሃን ከሕመም ጋራ ቢደክም፣ ወይም እግሩ ደንዝዞ ከአንድ ቀን በላይ ቢቈይ፣ በሳምንታት ውስጥ ቢመለስለት እንኳ «ዳነ» ብለህ አትተወው። ወደ ጠበል ብትወስደው አልከለክልህም፤ ከዚያ አስቀድመህ ወይም ከዚያ መልስ ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል ውሰደው፤ ምልክቱ የታየበትን ቀንና የሄደበትን ቀን በወረቀት ጽፈህ ያዝ፤ ሐኪሙ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃንም ወደ አዲስ አበባ ሲልክህ ያን ወረቀት ይዘህ ሂድ።